«ኤቲኤሊየንስ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማዳመጥ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አድማጮች

አውትካስት የተባለው የአትላንታ የሂፕሆፕ ቡድን ሁለተኛ የስቱዲዮ አልበሙን «ኤቲኤሊየንስ»ን ለገበያ ያቀረበው ነሐሴ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 1996) ነው። በዚያ ክረምት የአትላንታ ስም በየቤታችን ይጠራ ነበር። ፋጡማ ሮባ የኦሎምፒክ ማራቶንን በማሸነፍ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት የሆነችው በዚያችው ከተማ ሐምሌ 21 ቀን፣ አልበሙ ሊወጣ ልክ አንድ ወር ሲቀረው ሲሆን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የ10,000 ሜትር ወርቁን ያጠለቀው በማግስቱ ነበር። ከተማዪቱን በሩጫ ያወቅናት ሰዎች በሙዚቃዋ ልናውቃት ብንፈልግ ከዚህ አልበም የተሻለ መግቢያ አናገኝም። ሆኖም አልበሙ በአንድ ጊዜ ማዳመጥ ልብ የሚሰጥ አይደለም፤ ዝግጅት ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው አልበሙን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ፣ ለብቻም ሆነ ከጥቂት ጓደኞች ጋር፣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው በአግባቡ ለማዳመጥ የሚረዳ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የማዳመጡ ቅደም ተከተል ይወሰን። ብዙ ሰው የእንግሊዝኛ ራፕ ሲሰማ ጆሮውን ወደ ቃላቱ ያዞራል፤ ቃላቱ ካመለጡት ደግሞ ሙዚቃው እንዳልገባው ቆጥሮ ይተወዋል። በዚህ አልበም ይህ መንገድ የትም አያደርስም፤ ምክንያቱም የዘፋኞቹ አነጋገር በደቡባዊው የዩናይትድ ስቴትስ ክፍል የሚኖሩ ጥቁሮች አነጋገር በመሆኑ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሠለጠነ ጆሮ ቀርቶ የኒው ዮርክ ጆሮ እንኳ ይቸገርበት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ቤዙን (ከሥር የሚሄደውን ወፍራም ድምፅ)፣ ቀጥሎ በድምፆቹ መካከል የተተወውን ባዶ ቦታ፣ ቃላቱን ግን በመጨረሻ ያዳምጡ። የአልበሙ ብልሃት ያለው ከተጨመረው ይልቅ በተተወው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚከተለው ምክር ሁሉ የሚነሣውም ከዚሁ እምነት ነው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ታሪክ

አውትካስት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንድሬ ቤንጃሚንና ቢግ ቦይ በሚል ስም የሚታወቀው አንትዋን ፓተን። ሁለቱም የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለሆነ ይህን አልበም ሲያወጡ የ21 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። የተዋወቁት ገና ተማሪዎች ሳሉ ሲሆን፣ ሙያውን የተማሩት ኦርጋናይዝድ ኖይዝ በሚባሉት ሦስት አቀናባሪዎች ማለትም በሪኮ ዌድ፣ በሬይ መሪና በስሊፒ ብራውን እጅ ነው። የሥራ ቦታቸው የሪኮ ዌድ እናት ቤት ምድር ቤት ነበር፤ ግድግዳው በወጉ ያላለቀ፣ የጆርጂያ ቀይ አፈር የሚታይበት ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ እነርሱም «ዳንጀን» ይሉት ነበር። ከዚያ ምድር ቤት አውትካስት ብቻ ሳይሆን ጉዲ ሞብ የተባለው አራት አባላት ያሉት ቡድንም ወጥቷል።

የመጀመሪያው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። በወቅቱ የአሜሪካ ሂፕሆፕ ሁለት ጌቶች ብቻ ነበሩት፤ በምሥራቅ ኒው ዮርክ፣ በምዕራብ ሎስ አንጀለስ። ደቡቡ ጭፈራ ቤት ውስጥ ካልሆነ በቀር የሚቆጠር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1995 ኒው ዮርክ ላይ በተካሄደው የ«ሶርስ» መጽሔት የሽልማት ሥነ ሥርዓት አውትካስት የምርጥ አዲስ ቡድን ሽልማት ሲሰጠው አዳራሹ በተቃውሞ ጩኸት ተቀበለው። አንድሬ በዚያ ጩኸት መካከል ደቡቡም የሚናገረው ነገር እንዳለው በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ወረደ። ያቺ ንግግር ዛሬ በሂፕሆፕ ታሪክ ውስጥ ከማንኛውም ዘፈን ባላነሰ ትጠቀሳለች።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ሁለተኛውን አልበም የዚያ ምሽት በቀል አድርገው ያቀርቡታል። እኔ ግን በቀል አልሰማበትም። የተሰደበ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ የተሳደበውን መስሎ ለመታየት መድከም ወይም ደግሞ የተለየበትን ነገር ይበልጥ ማጉላት። እነርሱ የመረጡት ሁለተኛውን ነው። ባዕድ ካላችሁን ባዕዳን ነን አሉና የአትላንታን አጭር መጠሪያ (ኤቲኤል) ከሌላ ዓለም ፍጡር መጠሪያ (ኤሊየን) ጋር አጋብተው የአልበሙ ስም አደረጉት፤ ሽፋኑን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ አስመሰሉት። የኑሮ ለውጥም ነበረ። አንድሬ በእነዚያ ዓመታት ማሪዋናና መጠጥ ትቶ፣ ሥጋ መብላት አቁሞ፣ ጥምጣም መጠምጠም ጀምሯል፤ ቢግ ቦይ ልጅ ወልዷል፤ ሁለቱም በመጀመሪያው አልበም ገንዘብ የራሳቸውን የስቱዲዮ መሣሪያ ገዝተው ማቀናበር ለምደዋል። በዚህም ምክንያት የአልበሙ ድምፅ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ፣ የተራቆተና ማስተጋባት የበዛበት ሆነ። ድግስ የጠበቀ ሰው ያዝናል።

ቅጂውን፣ ድምፅ ማጉያውንና ቤቱን ማዘጋጀት

አልበሙ 15 ትራኮች ያሉት ሲሆን ርዝመቱ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ከሕጋዊ የሙዚቃ መተግበሪያ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ኔትወርክ ተማምኖ በቀጥታ ማጫወት አይመከርም፤ ዘፈኑ መሐል ላይ ሲቆራረጥ የአልበሙ መንፈስ አብሮ ይበተናልና። ሌሊት፣ የኢንተርኔት ጥቅል በሚረክስበት ሰዓት፣ በከፍተኛ ጥራት አውርደው ያስቀምጡት። በፍላሽ የተገለበጠ ቅጂ ያለው ሰው ሁለት ነገር ይመርምር፤ አንደኛ፣ ፋይሎቹ በፊደል ተራ ተደርድረው የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ተፋልሶ እንዳይሆን፤ ሁለተኛ፣ ጥራታቸው በሰከንድ 128 ኪሎቢት ወይም ከዚያ በታች ሆኖ እንዳይገኝ። ማጫወቻው ዘፈኖችን እያደባለቀ የሚያሰማበትን ምርጫ መዝጋትም አይዘንጋ።

በስልክ ድምፅ ማጉያ ይህን አልበም ማዳመጥ ግማሹን መጣል ነው። ቤዝ ጊታር እስከ 41 ኸርዝ ገደማ ይወርዳል፤ አብዛኞቹ ስልኮች ደግሞ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ እንደ ነገሩ እንጂ በጉልህ አያሰሙም። ቢያንስ መካከለኛ መጠን ያለው የብሉቱዝ ስፒከር ወይም ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል። ስፒከሩን ወደ ግድግዳ፣ ይልቁንም ወደ ክፍሉ ጥግ ማስጠጋት ቤዙን ያጎላዋል፤ ከመጠን በላይ ካስጠጉት ግን ድምፁ ይደፈርስና ቃላቱ ይዋጣሉ። ስለዚህ ስድስተኛውን ትራክ «ኤሌቬተርስ»ን (አሳንሰሮች ማለት ነው) ለሙከራ ከፍተው ቤዙ ከከበሮው ተለይቶ እስኪሰማ ድረስ ስፒከሩን ትንሽ ትንሽ ወደ ፊት ይሳቡት። ባትሪውን ሙሉ ለሙሉ ይሙሉ፤ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት የሚያውቅ የለም።

የደሴ ሰው የማዳመጫውን ወቅት ሲመርጥ ስለ ጣሪያው ያስብ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በሐምሌና በነሐሴ ማታ የጦሳ ዝናብ ሲወርድ እንኳን ቤዝ ጩኸትም አይሰማም፤ በተለይ «ኢ.ቲ.» የተሰኘው ትራክ በዝናብ ውስጥ ፈጽሞ ይጠፋል። ከመስከረም በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት ይሻላል፤ ብርዱን በጋቢ መከላከል ይቻላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ የምትገኝና ሞቃት ስለሆነች እዚያ ማታ በረንዳ ላይ ማዳመጥ ይቻላል፤ ሆኖም ክፍት ቦታ ቤዙን ስለሚበትነው የግቢ አጥር ወይም ግድግዳ ያለበትን ጥግ መፈለግ ይገባል። ሰዓቱን በሚመለከት፣ ከመግሪብና ከዒሻ አዛን ጋር እንዳይጋጭ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መጀመር ተገቢ ነው፤ አዛን ወይም የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ከመጣ ያለ ክርክር ሙዚቃው ይቁም። አልበሙ ስድብና ስለ ሴቶች የተነገሩ ሻካራ ቃላት ስላሉበት፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ባሉበት ሳሎን አይከፈትም። ሻካራ ቃላቱ የተነሡለት ቅጂ ቢኖርም እየተቆራረጠ ዜማውን ስለሚያበላሸው እኔ አልመርጠውም፤ ይልቅ ቦታውን መቀየር ይሻላል።

የሰው ቁጥር ከአራት ወይም ከአምስት ባይበልጥ መልካም ነው። ቡና የሚፈላ ከሆነ፣ በወሎ ደግሞ አለመፍላቱ የሚያስገርም ስለሆነ፣ ቆልቶ መውቀጡ አልበሙ ከመከፈቱ በፊት ይለቅ። የሙቀጫው ድምፅ ከከበሮው ጋር ይወዳደራልና። አልበሙ ለቡናው ሥርዓት ራሱን ያመቻቸ ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ትራኮች 20 ደቂቃ ያህል ስለሚወስዱ ከእነርሱ በኋላ አቦል፣ ከአሥራ ሁለተኛው በኋላ ቶና፣ ሁሉ ሲያልቅ በረካ ሊጠጣ ይችላል። ወሬ የሚፈቀደው ስኒው እጅ ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

እስከ አቦል፦ ከአንድ እስከ ስድስት

መግቢያው አጭር ነው፤ እርሱ ሳያልቅ ሁሉም ሰው መቀመጥ አለበት። «ቱ ዶፕ ቦይዝ» ሲጀምር ከሌላ ዓለም ለመጣ እንግዳ የሚመስል ድምፅ የምድር ሰዎችን ሰላም ይላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ሰዎች በድምፃቸው መለየት ይልመዱ፤ ይህን ያላደረገ አድማጭ እስከ መጨረሻው ይደናገራል። ቢግ ቦይ ቃላቱን ፈጠን አድርጎ ከከበሮው ጋር አጣብቆ ይወረውራል፤ አንድሬ ደግሞ ሐሳቡን እንደሚያወራ ሰው ቀስ እያለ ይጀምርና ሳይታሰብ ያፈጥናል።

ሦስተኛው ትራክ የአልበሙን ስም የያዘው ነው። አዝማቹ ሰው እጁን እንዲያነሣ የሚጠራ፣ ሕዝቡም እንዲመልስ የሚያደርግ ስለሆነ አውጪና ተቀባይ ባለበት መንዙማ ላደገ የወሎ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። በዚያ አዝማች ውስጥ ዓሣና «ግሪትስ» ይጠራሉ፤ ግሪትስ ከተከካ በቆሎ የሚሠራ፣ ገንፎ መሰል የደቡባዊው ዩናይትድ ስቴትስ የቁርስ ምግብ ነው። ኒው ዮርክ ላይ የተጮኸበት ሰው የአገሩን ቁርስ ወስዶ ሕዝብ የሚጮህለት አዝማች ውስጥ ማስገባቱ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በዚሁ ዘፈን አንድሬ ከዕፅና ከመጠጥ የራቀው መልእክቱ ጥርት ብሎ እንዲደርሰው መሆኑን ይናገራል፤ ይህን የሚለው ሳይሰብክ፣ እንደ ሥራ ዘዴ አድርጎ በመሆኑ ደስ ይላል።

«ዊልዝ ኦፍ ስቲል» ላይ የቡድኑ ዲጄ የሆነው ሚስተር ዲጄ ሸክላ በጣቱ እየገፋ የሚያወጣውን የፍትጊያ ድምፅ ይሰማሉ። «ጃዚ ቤል» ስሙን ያገኘው ከመጽሐፍ ቅዱሷ ኤልዛቤል ነው። ሙዚቃው ከአልበሙ ሁሉ ለስላሳው ነው፤ በሴቶች አኗኗር ላይ የሚሰጠው ፍርድ ግን ለወንዶቹ የማይሰጥ ፍርድ ስለሆነ፣ በአቦል ጊዜ ክርክር ቢነሣበት አያስደንቅም። ሊነሣበትም ይገባል።

«ኤሌቬተርስ» የአልበሙ እምብርት ነው። ቀድሞ በነጠላ የወጣ ሲሆን በአሜሪካ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 12ኛ ደረጃ ደርሷል፤ ያቀናበሩትም ሁለቱ ራሳቸው ናቸው። መብራቱን ማጥፋት የምመክረው እዚህ ላይ ነው። ቤዙ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ከበሮው ጥቂት ነው፣ ሌላው ሁሉ ማስተጋባት ነው፤ ከጃማይካው የዱብ ሙዚቃ ጋር ያለው ዝምድና በግልጽ ይሰማል። ቢግ ቦይ ታሪካቸውን የሚጀምረው ሄድላንድና ዴሎው የተባሉ ሁለት መንገዶች የሚገናኙበትን ቦታ በመጥራት ሲሆን፣ አጠራሩ አንድ የደሴ ልጅ ማንነቱን ለማስረዳት ሸዋ በርንና ቧንቧ ውሃን እንደሚጠራው ነው፤ ለማያውቀው ሰው አያብራራም። አዝማቹ ውስጥ የካዲላክ መኪና በርና «ቮግ» የተባለ፣ ነጭና ወርቃማ መስመር ያለው ጎማ ይጠቀሳሉ። የመጨረሻውን ስንኝ የሚለው አንድሬ ነው። የገበያ ማዕከል ውስጥ የድሮ ትውውቅ ነኝ የሚል ሰው አግኝቶት ሀብታም ሆነሃል ሲለው፣ አንተ ከደመወዝ እስከ ደመወዝ እንደምትኖር እኔም የምኖረው በዚህ ምት ነው፣ እግርህን ካላንቀሳቀሰ አልበላም የሚል ይዘት ያለው መልስ ይሰጠዋል። በቴሌቪዥን የታየ ሰው ሁሉ ገንዘብ ያለው በሚመስልበት አገር ይህ ስንኝ ትርጓሜ አያስፈልገውም። እዚህ ላይ ሙዚቃውን አቁመው አቦሉን ይቅዱ።

እስከ ቶና፦ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት

ሁለተኛው ክፍል ይከብዳል፤ የሚደክም አድማጭም የሚደክመው እዚህ ነው። «ኦቫ ዳ ዉድዝ»ን ብዙ ሳይጨነቁ ይስሙት። «ባቢሎን» ግን ትኩረት ይፈልጋል። ስሙ ከራስታፈሪያን አነጋገር የታወቀ ነው፤ እነርሱ ጨቋኝ ሥርዓትን ሁሉ ባቢሎን ይሉታል። የአንድሬ ስንኝ የሚጀምረው ከመወለዱ በፊት በእናት ማኅፀን ስለደረሰው የኮኬይን ጦስ በመናገር ነው። አዝማቹን የምታዜመው አንድሪያ ማርቲን ስትሆን፣ ድምፅዋ ከሥሩ ያለውን ጨለማ ጨርሶ የማያውቅ ይመስል ብሩህ ነው። ይህን ተቃርኖ ልብ ይበሉ።

«ዌይሊን» ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በ«ሜይንስትሪም» ላይ ከጉዲ ሞብ ኩጆና ቲ-ሞ ይጨመራሉ፤ በ«ዲኬተር ሳልም» (የዲኬተር መዝሙር) ላይ ደግሞ ቢግ ጊፕና ኩል ብሪዝ። ሁለቱ ዘፈኖች አንድ ነገር ያስተምራሉ፤ የአትላንታ አነጋገር አንድ ዓይነት አለመሆኑን። የኩጆ ድምፅ ሻካራና ከሆድ የሚወጣ ነው፣ የጊፕ ደግሞ ቃል የሚጎትት ነው። ዲኬተር ከአትላንታ ጎን ያለች ከተማ ስትሆን ከመዝሙር ጋር መጣመሯ በከንቱ አይደለም፤ በእነዚህ ልጆች አፍ የሰፈር ወንጀልና የቤተ ክርስቲያን ቃል አብረው ይኖራሉ። «ሚሌኒየም» ለእኔ ከአልበሙ ሁሉ ደካማው ነው፤ የአራት ዓመት ርቀት ላይ የነበረው የዘመን መለወጫ ፍርሃት ያረጀበት ስለሆነ ይሆናል። ቡናውን በዚህ ዘፈን ላይ ቀድሞ መጣድ ይቻላል።

እስከ በረካ፦ የመጨረሻዎቹ ሦስት

«ኢ.ቲ.» ከበሮ የለውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አድማጩ ስፒከሩ ተበላሸ ብሎ እንዳይነሣ ነው። እስካሁን ድረስ ቤዙን እየተከተለ የመጣ ጆሮ በድንገት የሚረግጠው መሬት ያጣል፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ከበሮ ያለ ይመስል ምታቸውን ሳይስቱ ይቀጥላሉ። ምቱ በቃላቱ ውስጥ እንደነበረ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ላይ በተተወው ነገር ላይ ያተኩሩ ያልኩበት ምክንያት እዚህ ተጠናቆ ይገኛል፤ ጓደኞችዎ አንዱን ዘፈን ብቻ ደግመው ለመስማት ቢጠይቁ ይህን ይድገሙላቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው «ሰርቲንዝ ፍሎር» (አሥራ ሦስተኛ ፎቅ) በገጣሚው በቢግ ሩብ ንግግር ይከፈታል። ይህ ራፕም ዘፈንም አይደለም፤ በሙዚቃ ላይ የሚነገር ግጥም ነው፤ ግጥም በዋሽንት ታጅቦ በሬዲዮ ሲነበብ የሰማ ኢትዮጵያዊ ስልቱን ወዲያው ያውቀዋል። በአሜሪካ ብዙ ሕንፃዎች 13 ቁጥርን ፈርተው አሥራ ሦስተኛ ፎቅ ስለሌላቸው፣ በአሳንሰር የተጀመረው ጉዞ በሌለ ፎቅ ላይ ያበቃል። ከዚያ ዘገምተኛ ፒያኖ ይመጣና 21 ዓመት የሆናቸው ልጆች ስለ እርጅና ይናገራሉ። ሰባት ደቂቃ ገደማ ስለሆነ በትዕግሥት ይሰማ። የመጨረሻው ትራክ የ«ኤሌቬተርስ» ሌላ ቅንብር ነው፤ በረካውን እየቀዱ ሊሰሙት ይችላሉ።

ግጥሙን ማንበብ፣ በመኪና መስማት፣ መወያየት

ግጥሙን ማንበብ የሚገባው ከመጀመሪያው ማዳመጥ በኋላ፣ በሌላ ቀን ነው። ሁሉንም ለመተርጎም መሞከር ድካም ብቻ ስለሚሆን «ኤቲኤሊየንስ»ን፣ «ኤሌቬተርስ»ንና «ባቢሎን»ን መርጦ ስንኝ በስንኝ መሄድ በቂ ነው። የተጻፈውን እያዩ ሲሰሙ አናባቢዎቹ እንዴት እንደሚጎተቱ፣ የቃላት መጨረሻ እንዴት እንደሚዋጥ ያስተውሉ፤ ቤት የሚመታው በመዝገበ ቃላቱ ሳይሆን በአፋቸው ነው። በጽሑፍ ቤት የማይመቱ የሚመስሉ ሁለት ቃላት በአትላንታ አነጋገር ፍጹም ቤት ይመታሉ። የራሱን አነጋገር አስተካክሎ የአዲስ አበባን ሊያስመስል የሚደክም የክፍለ ሀገር ገጣሚ ካለ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ቢሰማው አይጎዳም።

ሌላው መንገድ መኪና ነው። አውትካስት በመጀመሪያው አልበማቸው ርዕስ ውስጥ ሳይቀር ካዲላክን ያስገቡ ሰዎች ናቸው፤ ሙዚቃቸውም ለመኪና ስፒከር የተሠራ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ከ25 ኪሎ ሜትር ባይበልጥም፣ በመንገዱ ምክንያት ጊዜ ስለሚወስድ ከ«ቱ ዶፕ ቦይዝ» እስከ «ባቢሎን» ድረስ ለመስማት ይበቃል። የሚያዳምጠው ግን ተሳፋሪው እንጂ ሾፌሩ አይደለም፤ ሐረጎ ላይ የሾፌር ጆሮ ለመኪናውና ለሚመጣው ከባድ መኪና ጥሩንባ መተው አለበት። በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ የጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ፤ አብሮዎት የተቀመጠው ሰው ይህን ሙዚቃ አልመረጠም።

በውይይት ጊዜ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ፣ በእኔ አስተያየት፣ ስለ አሜሪካ አይደለም። አራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ ከእነዚህ ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ፣ አምባሰል ከሐይቅ ወዲያ በሰሜን። እኛ ዘንድ ቦታ ዘፈን ውስጥ የሚጠራ ብቻ ሳይሆን ዜማው ራሱ የሚሠራበት መሠረት ነው፤ የአንድ ወረዳ ስም ያለው ቅኝት ጎንደርም ሐረርም ይዘፈንበታል። አውትካስት በ1988 ዓ.ም. ክረምት ለአትላንታ ያደረጉት ሙከራ ከዚህ የሚቀራረብ ነው። አልበሙ በአሜሪካ ሰንጠረዥ በሁለተኛ ደረጃ ተጀምሮ፣ በአገሩ ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ መላኩ ተመስክሮለት፣ ከዚያ በኋላ የመጣው የደቡብ ሂፕሆፕ ሁሉ የራሱን ሰፈር ስም ሳያፍር እንዲጠራ አድርጓል። ዛሬ ደሴ ውስጥ በአማርኛ ራፕ የሚሞክሩ ወጣቶች የሙጋድን ወይም የፒያሳን ስም ትተው ያላዩትን የአሜሪካ ሰፈር ለምን እንደሚጠሩ፣ ከመካከላቸው አንዱ በውይይቱ ላይ ቢገኝ ቢጠየቅ ጥሩ ነው። በቁጣ ሳይሆን ለማወቅ ያህል።

መጻፍ የሚፈልግ ሰው ካለ የአልበሙ ድምፅ አልባ ቅጂ፣ ማለትም ቅንብሩ ብቻ የቀረበበት፣ 25ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። በእርሱ ላይ አማርኛ ስንኝ ለመለማመድ ከ«ኤሌቬተርስ» ቢጀመር ይመከራል፤ ምቱ ዝግ ያለና ክፍት ቦታው የበዛ ስለሆነ ረዘም ያሉትን የአማርኛ ግሦች ሳያጨናንቅ ያስተናግዳል። መጀመሪያ ሳይጽፉ በቤዙ ላይ የሰፈርዎን አምስት ቦታዎች ስም ብቻ ይጥሩ፤ የትኛው ስም የት ላይ እንደሚወድቅ ሲለይ ቀሪውን ስንኝ በዙሪያው ይሥሩ። ልምምዱን ግን ለራስዎ ያቆዩት፤ በቅንብሩ ላይ ተቀድቶ ለሕዝብ የሚወጣ ሥራ የባለመብቶቹን ፈቃድ ይጠይቃል። ልምምዱ ከሰመረ የራስዎን ቅንብር የሚሠራልዎ ሰው ይፈልጉ። ሦስተኛው አልበማቸው «አኩዌሚናይ» እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሲሆን፣ ከ«ኤቲኤሊየንስ» ይልቅ የሙዚቃ መሣሪያ የበዛበትና ሰፋ ያለ ስለሆነ፣ ይህኛው በጆሮ ከመቀመጡ በፊት አይክፈቱት።